«ጌይ ነኝ» ብሎ ለሐበሻ ወላጅ መንገር፦ ከዝግጅቱ እስከ ማግስቱ

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ፣ በተለይም በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አካባቢ ከሐበሻ ወላጆቻቸው ጋር ለሚኖሩ ልጆች ነው። ወንድ ሆኖ ወንድ ለሚወድ፣ ሴት ሆና ሴት ለምትወድ፣ ወላጆቹ ቢሰሙ እንደማይቀበሉትም ከወዲሁ ለሚያውቅ። አንተ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ለአንቺም ነው። የሴት ልጅ ነገር የሚለይበት ቦታ ስደርስ ለብቻው አነሳዋለሁ። ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹም ወሮቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አገር ቤት ላለህ አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ ይህን መመሪያ አትከተል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚፈጸምን ድርጊት በእሥራት ይቀጣል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ የጸጥታ ኃላፊዎች ይህ ይፈጸምባቸዋል ባሏቸው ሆቴሎችና መዝናኛ ቤቶች ላይ እርምጃ እየወሰዱ መሆኑን ተናግረው ሕዝቡ ጥቆማ እንዲሰጥ ጠይቀዋል። እንዲህ ባለ ቦታ ለእናት የተነገረ ነገር ጎረቤት ጆሮ ከገባ የሚመጣው የቤት ውስጥ ቁጣ ብቻ አይሆንም። ሳውዲ፣ ኤምሬትስ፣ ኩዌት ወይም ኳታር ያለህም እንደዚሁ። ራስህን እስክትችልና ደህና ቦታ እስክትደርስ ድረስ በሆድህ መያዝህ ብልህነት ነው እንጂ ፍርሃት አይደለም።

1. መንገር አለብህ ወይ?

ግዴታ የለብህም። አለመንገር ውሸታም አያደርግህም። «ካልተናገርክ ነፃ አትወጣም» የሚሉህ ጓደኞች ብዙዎቹ ወላጆቻቸው ቢቆጡም ማታ አልጋቸው ላይ የሚያድሩ ናቸው። የአንተን ቤት የምታውቀው አንተ ነህ።

ለምን መናገር እንደፈለግህ ለራስህ መልስ። መደበቁ እንቅልፍ እየነሳህ፣ ከእናትህ ጋር የነበረህ መቀራረብ እየጠፋ፣ ወይም ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳይነግርብህ ሰግተህ ከሆነ ምክንያትህ ከባድ ነው። በጭቅጭቅ መሃል አባትህን ለማሳመም ከሆነ ግን ተው፤ በንዴት የወጣ ቃል በንዴት ነው የሚመለሰው። የአክስትህ ልጅ «እነግርብሃለሁ» እያለ እያስፈራራህ ከሆነም ዛሬ ማታ ሮጠህ አትናገር። መጀመሪያ ከታች ያለውን ሦስተኛውንና አራተኛውን ጨርስ፤ አጣዳፊው እሱ ነው።

12ኛ ክፍል ላይ ከሆንክ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ለኮሌጅ የመንግሥት የገንዘብ ድጋፍ የሚጠየቅበት ፋፍሳ የሚባለው ቅጽ የወላጆችህን ገቢና ፈቃድ ይፈልጋል፤ ዕድሜህ 24 እስኪሞላ ድረስም በአብዛኛው እንደ ጥገኛ ነው የምትቆጠረው። ቅጹ በመደበኛው ጊዜ ጥቅምት 1 ይከፈታል። ወላጆችህ ሞልተው ፈርመው እስኪያልቅ ድረስ ብትታገስ የአንድ ዓመት ትምህርት ታተርፋለህ። ሳይሞሉልህ ነገሩ ቢበላሽ ወይም ከቤት ብትባረር የኮሌጁ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ልዩ ሁኔታህን አይቶ ያለ ወላጅ እንድትሞላ ሊፈቅድልህ ይችላል። ይህ ግን ደብዳቤና ምስክር ይጠይቃል፣ ጊዜም ይወስዳል።

2. ቤትህን መዝነው

አባትህ እንግዳ ፊት የሚናገረው ሁሉ ልጁ ላይ የሚያደርገው አይደለም። ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ዜና እያየ «እነዚህን ነበር…» ያለ ሰው በገዛ ልጁ ሲመጣበት ተሰብሮ አልቅሷል። ተቃራኒውም አለ፤ ሳቂታና ጨዋታ አዋቂ የነበረው አባት ልብስ በፌስታል አድርጎ በር ላይ አስቀምጧል። ስለዚህ ንግግሩን ሳይሆን ያደረገውን ቁጠር።

እጁን አንስቶብህ ወይም እናትህን መትቶ ያውቃል? እህትህ ሳታገባ ስታረግዝ፣ ወይም ያጎትህ ልጅ የሌላ ሃይማኖት ሰው ልታገባ ስትል ምን አደረጉ? ስንት ጊዜ አኮረፉ? መጨረሻ ላይ ታረቁ ወይስ እስከ ዛሬ ስሟ አይጠራም? ከምንም ነገር በላይ የሚነግርህ ይህ ታሪክ ነው፤ ሐበሻ ቤተሰብ ውርደት ነው ብሎ ያሰበው ነገር ሲመጣበት እንዴት እንደሚሆን አንድ ጊዜ አይተሃል ማለት ነው።

ትንሽ መሞከሪያም አለ። በተራ ቀን፣ እራት ላይ፣ «ክፍላችን ውስጥ ሁለት እናት ያለው ልጅ አለ» በልና ወደ ምግብህ ተመለስ። «ምስኪን፣ የልጁ ጥፋት አይደለም» የምትል እናትና ሳህኑን ገፍቶ የሚነሳ አባት እኩል ዝግጅት አይጠይቁም። አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ሦስቴ ካነሳኸው ይጠረጥራሉ።

ውጤቱን እንዲህ አስበው። ይመታሉ ብለህ ከፈራህ፣ 18 ዓመት ሞልቶህ የራስህ ማደሪያ ሳይኖርህ አትንገር። ያባርራሉ ብለህ ከፈራህ፣ ከታች 4 ቁጥር ላይ ያለው ዝግጅት ሳይጠናቀቅ አትንገር። ያለቅሳሉ፣ ይጸልያሉ፣ ያኮርፋሉ ብለህ ካሰብክ ደግሞ ከባድ ይሆናል፤ ግን ይቻላል።

3. አንድ ትልቅ ሰው ያዝ

ብቻህን አትግባበት። ትሬቨር ፕሮጀክት የሚባለው የወጣቶች ድርጅት በ2019 ባወጣው ጥናት፣ ቢያንስ አንድ የሚቀበላቸው ትልቅ ሰው ያላቸው ልጆች ራሳቸውን ለማጥፋት የመሞከራቸው ነገር በ40 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሙሉ ቤተሰብ አይደለም።

ለሐበሻ ቤት የሚሻለው ሰው እናትህ «ፈረንጅ ነው፣ አይገባውም» ብላ የማትጥለው ነው። እዚህ የተማረች ታናሽ አክስት፣ የክርስትና እናትህ፣ የእናትህ የልብ ጓደኛ ልትሆን ትችላለች። መለኪያዬ አንድ ነው፦ የሰው ምሥጢር ለአንተ የምታወራ ከሆነ የአንተንም ለሰው ታወራለች፤ እሷን እለፋት። ስታገኛት ደግሞ «እወቂልኝ» ብቻ አትበላት፤ የሚሠራ ነገር ጠይቃት። «በዚህ ቀን እነግራቸዋለሁ፤ ስልክሽን ክፍት አድርገሽ ትጠብቂኛለሽ? አስፈላጊ ከሆነ አንቺ ጋ ማደር እችላለሁ?» በላት። እሺ ካለች እውነተኛ እሺ መሆኑን ከፊቷ ታውቃለህ።

የትምህርት ቤት አማካሪም ጥሩ ነው። ግን ከመናገርህ በፊት «የምነግርህ ነገር ከወላጆቼ ይደበቃል ወይ?» ብለህ ጠይቅ። ደንቡ ከግዛት ግዛት ይለያያል። ድብደባ ወይም ራስህን የመጉዳት ሐሳብ ካነሳህ ደግሞ ሪፖርት ማድረግ ሕጋዊ ግዴታው ነው። ይህን አውቀህ ነው የምትገባው።

ዲሲ ውስጥ ስማይል የሚባል ከ1984 ጀምሮ እንደ አንተ ላሉ ወጣቶች የሚሠራ ድርጅት አለ። እንደ አንተ ያሉ ልጆችን በአካል ማየት ብቻውን ትከሻህን ያቀልልሃል።

4. ወረቀት፣ ስልክ፣ ገንዘብ፣ ማደሪያ

ብዙ ልጅ የሚዘልለው ይህን ነው፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ የማሳስበው ይህን ነው። «እነሱ አያባርሩኝም» ብትልም አዘጋጅ። ካልተጠቀምክበት ምንም አትከስርም።

ወረቀት። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ ፓስፖርት ወይም ግሪን ካርድ፣ የጤና ኢንሹራንስ ካርድ። ብዙ ሐበሻ ቤት እነዚህ የእናት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከአገር ቤት በመጣ አሮጌ ቦርሳ ውስጥ፣ ከአያት ፎቶና ከቤት ካርታ ጋር ተጠቅልለው ነው የሚገኙት። የት እንዳሉ እወቅ። ዋናውን ማውጣት ካልቻልክ ፎቶ አንሳ፤ ፎቶውን ግን ከቤተሰብ ጋር በተጋራ አካውንት ላይ አታስቀምጥ። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርህን በቃልህ ያዝ።

ስልክ። ስልክህ የአባትህ ፋሚሊ ፕላን ላይ ከሆነ በአንድ ጥሪ ሊዘጋ ይችላል። ላይፍ 360 ወይም ፋይንድ ማይ የት እንዳለህ ያሳያል። ፎቶዎችህ ሳሎን ካለው አይፓድ ጋር የተገናኙ እንደሆነ አረጋግጥ፤ ስንቱ ልጅ ሳይናገር የታወቀበት በዚህ ነው። የትምህርት ቤት ክሮምቡክ ላይ ምንም አትፈልግ፤ ትምህርት ቤቱ ያየዋል። የአክስትህን፣ የአንድ ጓደኛህንና ከታች የምጽፋቸውን ቁጥሮች በወረቀት ጻፍ፤ ባትሪ ሲያልቅ ወረቀት አያልቅም።

ገንዘብ። ከ18 ዓመት በታች ከሆንክ የባንክ አካውንትህ ላይ በአብዛኛው ወላጅህም ስሙ አለበት፤ ገንዘቡን ማውጣት ይችላል። ጥቂት ካሽ አክስትህ ወይም ጓደኛህ ጋ አስቀምጥ። ለሁለት ሦስት ቀን ምግብና ለአውቶቡስ የሚበቃ ይሁን፤ ከዚያ በላይ ካለህ እሰየው።

ማደሪያ። የመጀመሪያዋን ሌሊት የት እንደምታድር በስም ልትነግረኝ ካልቻልክ ገና አልተዘጋጀህም። «ጓደኛ ጋ» አይበቃም፤ የጓደኛህ እናት ታውቃለች ወይ? ቦርሳህን ደግሞ አስቀድመህ ውጭ አድርገው፤ ቤት ውስጥ ተሰናድቶ የተገኘ ቦርሳ ራሱ ጠብ ይጭራል። ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ ቻርጀር፣ የምትወስደው መድኃኒት ካለ እሱ፣ የወረቀቶቹ ቅጂ፣ የትምህርት ቤት መታወቂያ። ያንተ የሆነ አንድ የምትወደው ነገርም ጨምርበት።

5. ቀኑ

የሐበሻ ወላጅ ቀን ረጅም ነው። ነርሲንግ ሆም ሁለት ሺፍት ሠርታ ጠዋት የገባች እናት፣ ሌሊቱን ኡበር ሲነዳ ያደረ አባት ማንኛውንም ከባድ ነገር የመስማት አቅም የላቸውም። በማግስቱ ሥራ የሌለበትን፣ ሁለቱም የተኙበትንና የበሉበትን ቀን ፈልግ። ፋሲካ፣ ገና፣ ዒድ፣ የሰው ሠርግ፣ የአንተ ምርቃት ቀን አይሁን፤ ያ በዓል በዚያ ቀን ስም ለዘላለም ይታወሳል። አያትህ ከአገር ቤት ለጥየቃ መጥታ ቤት ውስጥ ካለችም ቆይ።

መኪና ውስጥ አትንገር። አባትህ ቤልትዌይ ላይ በ60 ማይል እየነዳ የሚሰማው ነገር አይደለም፤ አንተም መውጫ የለህም። በቴክስትም አትንገር። አንድ የማውቀው ልጅ ለእናቱ ሥራ ቦታ ሳለች ቴክስት ላከ። ኮሪደር ላይ ቆማ አነበበችውና ገና ሁለት አረጋውያን ማጠብ ስለቀራት ስልኩን ኪሷ ከታ ሥራዋን ጨረሰች። ስድስት ሰዓት ሙሉ ለማንም ሳትናገር። ከተቀበለችው ከዓመታት በኋላም የምታነሳው የተባለውን ነገር ሳይሆን ያንን ኮሪደር ነው።

ሁለቱን አንድ ላይ መንገር አለብኝ ብለህ አታስብ። ብዙ ጊዜ ከሁለቱ የሚቀርብህን ቀድመህ መንገር ይሻላል። ግን «ለአባትህ አልነግርም» ብላ እንድትምል አታስገድዳት፤ ምሥጢሩ ትዳሯ ውስጥ ይገባና ንዴቷ ወደ አንተ ይዞራል። «ለአባዬ መቼና እንዴት እንደምንነግር አብረን እንወስን» በላት።

6. ቃሉ

አጭር ይሁን። እንግሊዝኛው ቢቀናህም በአማርኛ ተናገር፤ ወይም እናትህ በምታለቅስበት ቋንቋ። «ግብረ ሰዶም» የሚለውን ቃል አንተ አታምጣው፤ ሲሰሙት የሚታያቸው የሰዶም እሳት ነው እንጂ የልጃቸው ፊት አይደለም። እንዲህ ማለት ትችላለህ፦

«እማዬ፣ የምነግርሽ ነገር አለ። አልታመምኩም፣ ማንንም አልበደልኩም። እኔን የሚስቡኝ ወንዶች ናቸው፤ ሴቶች አይደሉም። ራሴን ካወቅኩ ጀምሮ እንደዚህ ነኝ። ጸልዬበታለሁ፣ ብዙ ጊዜም ብቻዬን አልቅሼበታለሁ። አሁን መልስ እንድትሰጪኝ አልፈልግም። ስለምወድሽ ነው የምነግርሽ።»

ከዚያ ዝም በል። ዝምታው ይረዝማል፤ አንተ አትሙላው። ብዙ ልጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ዝምታው ሲከብደው ማብራራት ይጀምራል፣ የፍቅር ጓደኛ እንዳለው ይናገራል፣ ማን እንደሚያውቅ ይዘረዝራል። በመጀመሪያው ቀን የማንንም ስም አታንሳ። የጓደኛህን ስም ካነሳህ በነጋታው እናቱ ይደወልላታል።

ደብዳቤ ልጻፍ የሚል ካለ፣ አማርኛው ከብዶት ሐሳቡ የሚበተንበት ከሆነ ጻፈው፤ ግን እፊታቸው ቁጭ ብለህ አንብበው እንጂ ትተኸው አትውጣ። ወረቀት ፎቶ ተነሥቶ በቫይበር አገር ቤት ይደርሳል።

7. የሚሉህና የምትመልሰው

የሚመጣው ነገር አዲስ አይደለም፤ ከሞላ ጎደል በሁሉም ቤት ተመሳሳይ ነው።

«ማን ነካህ?» በእኛ ሰው ዘንድ ይህ ነገር ከመደፈር ይመጣል የሚል እምነት ሥር የሰደደ ነው። እውነቱ ማንም ካልነካህ «ማንም አልነካኝም» በላቸው፤ አንድ ጊዜ፣ ረጋ ብለህ። በእርግጥ ጥቃት ደርሶብህ ከሆነ ግን ሁለቱን ነገር አታያይዝ፤ እሱን ለአማካሪ ወይም ለሐኪም ለብቻው ንገር። ወንድ የምትወደው በዚያ ምክንያት አይደለም፣ የደረሰብህም ያንተ ጥፋት አይደለም።

«በሽታ ነው፣ ይድናል።» የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1973፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በግንቦት 17 ቀን 1990 ከበሽታ ዝርዝር አውጥተውታል። ይህን እወቀው፤ ግን በመጀመሪያው ሌሊት አትከራከርበት። የሚያለቅስ ሰው ማስረጃ አይሰማም።

«ሰው ምን ይላል?» ይህን አትናቀው። እናትህ ዕድሩ፣ ማኅበሩ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ወይም የመስጊዱ ሰው ነው ቤተሰቧ፤ አገሯን ትታ እዚህ የቆመችው በእነሱ ነው። እዚህ ላይ የምትሰጣት ነገር አለ፦ «እኔ ለማኅበሩ ሰው አልናገርም፤ አንቺም ሳንስማማ ለማንም አትንገሪ።» ይህ ስምምነት እሷን ብቻ ሳይሆን አንተንም ይጠብቅሃል፤ አንተን ሳያማክሩ ወደ ሽማግሌ እንዳይሮጡም ያደርጋል። ለዘላለም አትማልላት፤ «ለአሁኑ» በል።

«ንስሐ አባታችን ጋ እንሂድ፣ ጠበል እንሂድ፣ ፓስተሩ ይጸልዩልህ።» ጸሎት ራሱ አይጎዳህም። እናትህ ራስህ ላይ እጇን ጭና መጸለይ ከፈለገች፣ ካልከበደህ፣ ፍቀድላት፤ ሌላ የምታውቀው የፍቅር መንገድ ላይኖራት ይችላል። ወሰኑ ግን ግልጽ ይሁን። በመቋሚያ መመታት፣ መታሰር፣ ምግብ መከልከል፣ ለቀናት አንድ ቦታ መዘጋት ጸሎት አይደለም። «እዚሁ ቤት ጸልዪልኝ፤ ካልፈለግኩ ግን የትም አትውሰጂኝ» በል። ከመጽሐፍ ጥቅስ እየጠቀስክ አትከራከር፤ አንተ አንድ ብትጠቅስ አባትህ አሥር አለው።

«ምን አጠፋሁ? እኔ ነኝ።» ይህን ስትሰማ ንዴትህን ተወው። «አንቺ ምንም አላጠፋሽም» በላት። ስንት ጊዜ ብትጠይቅህ ያንኑ መልስላት።

8. «ከቤቴ ውጣ» ካሉህ

አትከራከር፣ አትለምን፣ በር አትዝጋ። ጫማ፣ ስልክ፣ ጃኬት፣ ውጣ። አክስትህ ጋ ደውል። እጅ ከተነሣብህ ወይም በር ከተቆለፈብህ 911 ደውል። ፖሊስ መጥራት ቤተሰብን እንደ መክዳት ሆኖ ይሰማሃል፤ አውቃለሁ። መጀመሪያ በሕይወት መቆየት ነው።

ከ18 ዓመት በታች ከሆንክ በአብዛኛው ግዛት ወላጅ አስወጥቶ የመተው መብት የለውም። ናሽናል ራናዌይ ሴፍላይን በ1-800-786-2929 ሌት ተቀን ይሠራል፤ የት ማደር እንደምትችል ይነግሩሃል፤ ከፈለግህ ከወላጆችህ ጋር በመሃል ሆነው ያነጋግሩሃል። ሴፍ ፕሌስ የሚባለው ደግሞ ቢጫ ምልክቱ የተለጠፈበት ቦታ ስትገባ ሠራተኞቹ ሰው እንዲጠሩልህ የሚያደርግ ፕሮግራም ነው፤ «ሴፍ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ካለህበት አድራሻ ጋር ወደ 44357 ብትልክ የሚቀርብህን ይነግርሃል። 18 ዓመት ከሞላህና ዲሲ ከሆንክ ዋንዳ አልስተን ፋውንዴሽን እስከ 24 ዓመት ላሉ ወጣቶች ማደሪያ አለው።

ሰው ቤት እየዞርክ ስታድር ትምህርትህን አታቋርጥ። ማኪኒ ቬንቶ በሚባለው በ1987 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት ቤት የሌለው ተማሪ በነበረበት ትምህርት ቤት የመቀጠልና መጓጓዣ የማግኘት መብት አለው፤ ጓደኛ ሶፋ ላይ የሚያድርም በዚሁ ይቆጠራል። በየትምህርት አስተዳደሩ ለዚህ የተመደበ ሰው አለ፤ አማካሪህን «የማኪኒ ቬንቶ ኃላፊ ማን ነው?» ብለህ ጠይቅ። ቆይተህ ያለ ወላጅ ፋፍሳ ለመሙላትም ምስክርህ ይሄ ሰው ይሆናል።

በዚያ ሌሊት ወይም ከዚያ በኋላ መኖር ከከበደህ፣ ሐሳቡ ገና ሲጀምርህ ደውል። ትሬቨር ፕሮጀክት በ1-866-488-7386 አለ። ራስን ማጥፋትን የሚከላከለው የአገሪቱ መስመር 988ም ይሠራል፤ ለእንደ አንተ ያሉ ወጣቶች የነበረው ልዩ መስመር ግን በሐምሌ 2025 ስለተዘጋ ትሬቨርን በቀጥታ ብትደውል ይሻላል። እንዲህ ያለው ሌሊት ያልፋል፤ አብሮህ የሚያሳልፈው ሰው ያስፈልግሃል።

9. «አገር ቤት ደርሰን እንምጣ»

ከነገርካቸው በኋላ ባሉት ወራት ድንገት «አያትህ ታማለች፣ ሁለት ሳምንት ብቻ» ከተባልክ ተጠንቀቅ። እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ፓስፖርቱ ተወስዶበት፣ ስልኩ ተቀምቶ፣ ገጠር ዘመድ ቤት ወይም ጠበል ቦታ የተተወ ልጅ ታሪክ በማኅበረሰባችን አዲስ አይደለም። ለሴት ልጅ አደጋው ይከፋል፤ «ትዳር ይፈውሳታል» ይሉና ሳታውቀው ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ተቆርጦ ትደርሳለች። አንቺ ቤት ውስጥ ድንገት የወርቅና የቀሚስ ወሬ ከበዛ፣ ከማታውቂው ሰው ጋር በቪዲዮ እንድታወሪ ከተገፋፋሽ፣ ጉዞው የመመለሻ ቀን ከሌለው አትሂጂ።

ከመሄድህ በፊት መከላከል ከሄድክ በኋላ ከመውጣት በብዙ ይቀላል። ለአማካሪህና ለአክስትህ ቀኑን፣ የበረራውን ቁጥር፣ የምታርፍበትን ቤት፣ የምትመለስበትን ቀን ጻፍላቸው፤ «በዚህ ቀን ካልደወልኩ ፖሊስ ጋ ሂዱ» በላቸው። በግድ ከተወሰድክ ኤርፖርት ላይ፣ ከወላጆችህ ተነጥለህ ስትፈተሽ፣ ለፈታሹ «ያለ ፈቃዴ እየወሰዱኝ ነው» በል። ስዊድን ውስጥ የጎተንበርግ ከተማ በ2018 ለእንደዚህ ያሉ ልጆች የመከረችው ማንኪያ የውስጥ ልብስ ውስጥ መደበቅ ነበር፤ ማሽኑ ሲጮህ ለብቻ ይወስዱሃል፣ ያኔ ትናገራለህ። የአሜሪካ ዜጋ ከሆንክ አዲስ አበባ እንጦጦ መንገድ ላይ ያለውን ኤምባሲ ማግኘት ትችላለህ። ሆኖም ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትቀበልም፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዘህ ከገባህ ኤምባሲው ሊያደርግልህ የሚችለው ይጠብባል።

እንግሊዝ ያላችሁ ያለ ፈቃድ ጋብቻን የሚከላከለው የመንግሥት ክፍል በ020 7008 0151 ይገኛል፤ ለማንኛውም ልጅ ደግሞ ቻይልድላይን 0800 1111 አለ፣ ከቤት የተባረሩትን ኤኬቲ የሚባለው ድርጅት ያስተናግዳል። ካናዳ ከጥር 2022 ጀምሮ «እናድንህ» ብሎ ማስገደድም ሆነ ለዚያ ሲባል ልጅን ከአገር ማውጣት ወንጀል ነው። እስራኤል ያላችሁ ልጆች ቴል አቪቭ ውስጥ ቤት ድሮር የሚባል ለወጣቶች የተዘጋጀ መጠለያ አላችሁ።

10. ከዚያ በኋላ

ማግስቱን እንደ ወትሮው ዋል። ዕቃ እጠብ፣ ትምህርት ቤት ሂድ፣ «እንደምን አደርሽ» በል፤ ባይመልሱልህም። ያው ልጃቸው መሆንህን የሚያዩት በእሱ ነው። የአባት ዝምታ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይቆያል። ዝምታው አልቀበልም ማለት ላይሆን ይችላል፤ ብዙ አባት የሚናገርበት ቃል ስለሌለው ነው።

በየሳምንቱ ርዕሱን አታንሳባቸው፤ ጨርሶ እንዲረሱትም አትፍቀድ። በወር አንድ ጊዜ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። «እማዬ፣ ባለፈው የነገርኩሽ ነገር አልተለወጠም። ጥያቄ ካለሽ ጠይቂኝ።» አንዳንድ እናት ስድስት ወር ቆይታ፣ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ፊቷን ሳታዞር ትጠይቃለች። ያኔ ሥራህን አቁመህ መልስ።

መስማት ሲጀምሩ የሚሰጣቸው ነገር ይኑርህ። በሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የነካትሊን ራያን ጥናት በ2009 እንዳሳየው፣ ቤተሰባቸው በእጅጉ የገፋቸው ወጣቶች ራሳቸውን ለማጥፋት የሞከሩት ካልተገፉት ከስምንት እጥፍ በላይ ነው። ይህን ለማስፈራራት አታንሳው፤ አክስትህ ለብቻቸው ብትነግራቸው ይሻላል። ፒፍላግ የሚባለው የወላጆች ማኅበርም አለ። በ1973 የጀመረችው ጂን ማንፎርድ የምትባል የኒውዮርክ መምህርት ናት፤ የመጀመሪያው ስብሰባ የተደረገው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ይህን ለእናትህ ንገራት። ዲሲ አካባቢም ቅርንጫፍ አለው። የሐበሻ ፊት አላይም ብላ ልትፈራ ትችላለች፤ የሚያውቃት ሰው አለመኖሩ ግን ለመጀመሪያው ቀን ይመቻታል።

ታናናሾች ካሉህ ከወላጆችህ በፊት አትንገራቸው፤ የመያዝ ሸክሙ ይከብዳቸዋል፣ ከታወቀም እነሱ ላይ ይወጣባቸዋል። ወላጆችህ ካወቁ በኋላ ግን ከሌላ ሰው አፍ ከመስማታቸው በፊት ራስህ ንገራቸው። የስምንት ዓመት ልጅ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም፤ ከቤት ትሄዳለህ ወይ ብሎ ነው የሚጠይቅህ። መልሱን አስቀድመህ አዘጋጅ፤ እውነተኛውን መልስ።